ጀልባው ይቆይ፦ በጎ ፈቃደኛ ነፍስ አድኖች በጎርፍ አደጋ ጊዜ ስላላቸው ድርሻ

ጠያቂያችን የሚኖሩበት ሠፈር ወንዝ ዳር ነው፤ ወንዙ በየዝናቡ ወቅት እየሞላ ቤትና ማሳ እንደሚያጥለቀልቅ፣ ሰውም እንደሚወስድ ጽፈዋል። ዋና የሚችሉ ጎረቤቶቻቸውን አሰባስበው የበጎ ፈቃደኛ ነፍስ አድን ቡድን ሊያቋቁሙ አስበዋል፤ የተዋጣው ገንዘብም ለአንዲት የሞተር ጀልባ መግዣ ሊውል ነው። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ ደመወዝ የሚከፈላቸው የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች እያሉ የበጎ ፈቃደኛው ድርሻ ምንድን ነው? ቡድኑስ ሥራውን ከምን ይጀምር?

ለሁለተኛው ጥያቄ አጭሩ መልስ፣ ከጀልባ አይጀምር የሚል ነው። ምክንያቱ ግልጽ የሚሆነው የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመለስ ስለሆነ ከእርሱ ልነሳ።

የበጎ ፈቃደኛው ትልቁ ሀብት ድፍረቱ ወይም የዋና ችሎታው ሳይሆን ቅርበቱ ነው። ውሃ ውስጥ አየር ያጣ ሰው አንጎሉ መጎዳት የሚጀምረው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ 5 ደቂቃ ሳይሞላው የወጣ ሰውና ከ10 ደቂቃ በላይ ሰምጦ የቆየ ሰው ያላቸው የመትረፍ ዕድል በእጅጉ ይለያያል። የትኛውም የአደጋ ጊዜ አገልግሎት፣ የቱንም ያህል የተደራጀ ቢሆን፣ ጥሪ ተቀብሎ፣ ተነሥቶ፣ በጎርፍ የተቆረጠ መንገድ አልፎ በዚህ ጊዜ ውስጥ መድረሱ አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አዳኝ ሁልጊዜም በቦታው የተገኘው ሰው ነው፤ ጥያቄው ያ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ብቻ ነው። የሚፈለገው ዕውቀት የሚያሳስበውም ብዙ ሕዝብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ከ10 ሟቾች 9ኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። ይኸው ድርጅት በጎርፍ አደጋዎች ከሚሞቱት ሰዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ሕይወታቸው የሚያልፈው በመስጠም እንደሆነ ይገልጻል።

በበጎ ፈቃድ ነፍስ ማዳን የቆየ ሥራ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ ዳርቻዎች የነፍስ አድን ጀልባዎችን የሚያሠማራው ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1824 ሲሆን፣ የጀልባዎቹ ሠራተኞች ዛሬም በአብዛኛው ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የጀርመን የነፍስ አድን ማኅበርም በ1912 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ቢንዝ በተባለች ከተማ የመርከብ መሳፈሪያ ድልድይ ተደርምሶ ሰዎች ከሰጠሙ በኋላ በ1913 ተቋቋመ። አባላቱ ዓመቱን ሙሉ ልጆችን ዋና ያስተምራሉ፤ በጁላይ 2021 ምዕራብ ጀርመንን ጎርፍ ሲመታ ደግሞ ሰው ለማውጣት ተሠማርተዋል። የእነዚህን ማኅበራት ታሪክ ያነሣሁት አንድ ነገር ለማሳየት ነው፦ ዕድሜያቸውን ያረዘመው ሥልጠናና ሥርዓት እንጂ የአባላቱ ጉብዝና ብቻ አይደለም።

ያ ጠቃሚ ቅርበት በተቃራኒው ይገድላልና። የሚሰጥም ሰው ለማዳን ገብተው ራሳቸው የሚሞቱ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ አባት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ናቸው፤ ብዙዎቹም ዋና ይችሉ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሲሰጥም የነበረው በሌላ ሰው እጅ ወይም በራሱ ዕድል ይተርፍና የገባው ሰው ይቀራል። ስለሆነም ጠያቂያችን አባላትን የመረጡበት መስፈርት፣ ማለትም ዋና መቻል፣ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም፤ እንዲያውም በረጋ ውሃ የተገኘ መተማመን በጎርፍ ውሃ ላይ አሳሳች የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል።

የጎርፍ ውሃ ሌላ ዓይነት ውሃ ነው። የሚፈሰው ውሃ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር በሰው አካል ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በአራት እጥፍ ያድጋል። ቁርጭምጭሚት ያህል ጥልቀት ያለው፣ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ብዙ አነስተኛ መኪኖችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን ተሽከርካሪ፣ ከባድ የሚመስለውን ጭምር፣ ይዞ ይሄዳል። ውሃው ደፍርሶ ስለሚመጣ ከሥሩ ያለው አይታይም፤ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የአጥር ሽቦ፣ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የተቦረቦረ መንገድ ሊኖር ይችላል። እግር በድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ ግፊቱ ሰውየውን ወደ ፊት ደፍቶ በዚያው ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ውሃ የወሰደው ሰው ለመቆም መሞከር የለበትም፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ወደ ውሃው መሄጃ አድርጎና ወደ ላይ አንሥቶ፣ በእጆቹ ወደ ዳር እየቀዘፈ መሄድ አለበት። ከፊቱ የወደቀ ዛፍ ወይም አጥር ካለ ግን ተገልብጦ በደረቱ ወደዚያው በኃይል መዋኘትና ሳይጠልፈው ላዩ ላይ መውጣት ይኖርበታል፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም። ዝቅ ያሉ የወንዝ መከተሪያ ግንቦችም እንዲሁ አታላይ ናቸው። ከላይ ሲያዩአቸው ለስላሳ ፏፏቴ ይመስላሉ፤ ከግንቡ ሥር ግን ውሃው ወደ ኋላ እየተጠማዘዘ የያዘውን ሁሉ ደጋግሞ ወደ ታች ያሰጥማል። ጀልባም ቢሆን ከዚያ አዙሪት በቀላሉ አይወጣም።

ነፍስ አድኖች በሚሠለጥኑበት ቦታ ሁሉ የማዳኛ ዘዴዎች ቅደም ተከተል ተበጅቶላቸዋል፤ ቅደም ተከተሉ የተሠራው ለአዳኙ ከሚያንሰው አደጋ ተነሥቶ ወደሚበልጠው ነው። መጀመሪያ መናገር፦ ሰውየው ራሱን እንዲያወጣ በድምፅና በምልክት መምራት። ቀጥሎ ዘንግ፣ ቅርንጫፍ ወይም መሰላል ማቀበል። ካልደረሰ ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር። ከዚያ በኋላ ነው ጀልባ የሚመጣው። ወደ ውሃው ገብቶ መዋኘት የመጨረሻው ነው፤ እርሱም ለዚሁ ለሠለጠነና ለታጠቀ ሰው ብቻ የተፈቀደ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው በዚህ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ያለውን ነው፤ ሥልጠና የሚያስፈልገውም ይህን ደመ ነፍስ ለመገልበጥ ነው።

ከነዚህ ውስጥ ለጀማሪ ቡድን ብዙ ፍሬ የሚሰጠው መወርወሩ ነው። የመወርወሪያ ገመድ ማለት ከ15 እስከ 25 ሜትር የሚሆን፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ገመድ በትንሽ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቆ የተቀመጠ ነው። ወርዋሪው የገመዱን ጫፍ በአንድ እጁ ይይዛል፤ «ገመድ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሰውየው ፊቱን ሲያዞርለት ከረጢቱን ከራሱ አሳልፎ ይወረውራል፤ ገመዱም እየተፈታ በትከሻው ወይም በደረቱ ላይ ይወድቃል። በልምምድ ጊዜ የመጀመሪያው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አዲሱ ሠልጣኝ በጉጉት ጫፉን ሳይዝ ከረጢቱን ከነገመዱ ይወረውረዋል፤ ዳር የቆሙት ይሥቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይረሳውም። ሰውየው ገመዱን ሲይዝ የሚመጣውን ጫና ለመቋቋም ወርዋሪው ዝቅ ብሎ፣ እግሮቹን ከፍቶ ይቆማል፤ አይጎትትም፤ ውሃው ራሱ ሰውየውን በግማሽ ክብ እያዞረ ወደ ዳር ያመጣዋል። ገመድ በእጅ ላይ አይጠመጠምም፤ በአዳኝ ወገብ ላይም በተራ ቋጠሮ ፈጽሞ አይታሰርም፤ ምክንያቱም ገመዱ ሲወጠር የታሰረውን ሰው ወደ ውሃው ሥር ይደፍቀዋል። የመጀመሪያው ውርወራ ካልተሳካ ገመዱን መልሶ እየጠቀጠቁ ጊዜ ከማጥፋት ከረጢቱን ውሃ ሞልቶ እንደገና መወርወር ይቻላል። ይህን ሁሉ ዓይን የተሸፈነ ያህል በሌሊትና በዝናብ መሥራት እስኪቻል ድረስ በደረቅ ሜዳ መለማመድ ምንም ወጪ የለውም።

በዳርቻ የሚሠራ ቡድን አቀማመጥም አለው። አንድ ሰው ከላይ በኩል ቆሞ የሚመጣውን ግንድና ፍርስራሽ አይቶ በፊሽካ ያስጠነቅቃል። ሌላው ከታች በኩል ገመድ ይዞ ያመለጠውን ሰው፣ ምናልባትም ያመለጠውን አዳኝ፣ ለመያዝ ይጠብቃል። ከውሃው ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት የሚቆም ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳል፤ መሪው ጭምር፣ ፎቶ ሊያነሣ የመጣውም ጭምር። የሚጠባበቁት ምልክት ጩኸት ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ያመልጣቸዋል። የሚሰጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውሃው በላይና በታች ስለሚመላለስ ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ አይበቃውም፤ እጁንም እያውለበለበ አይጣራም፣ ውሃውን ወደ ጎን እየተጫነ ለመነሣት ይታገላል። ትግሉ ከአንድ ደቂቃ በታች ሊያልቅ ይችላል። ፀጥ ብሎ ቀጥ እንደቆመ ሆኖ የሚታይ፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው የሚያስፈልገው አፋጣኝ እርዳታ ነው።

አሁን ወደ ጀልባው እንምጣ። የሞተር ጀልባ ነዳጅ፣ ጥገና፣ ማስቀመጫና በየሳምንቱ የሚለማመድ ነጂ ይፈልጋል። በጎርፍ ውስጥ፣ ጀልባውን የሚገፋው የሞተሩ ተሽከርካሪ ምላጭ በውሃ ሥር ያለ ሽቦና ጨርቅ ይጠመጠምበታል፤ በውሃ ውስጥ ላለው ሰውም ራሱ አደጋ ነው። አንድ ጀልባ ሲገለበጥ የሚያነሣው ሌላ ጀልባ ወይም ዳር የቆመ ባለገመድ ቡድን ያስፈልጋል። በዚያው ገንዘብ ግን ለእያንዳንዱ አባል የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ የራስ ቁር፣ ፊሽካና የራስ ባትሪ፣ ለቡድኑም በርከት ያሉ የመወርወሪያ ገመዶችና የድምፅ ማጉያዎች ይገዛሉ፤ የሚተርፈውም ለአሠልጣኝ ይከፈላል። ጀልባ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በኦገስት 2018 የሕንድ ግዛት የሆነችው ኬራላ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ ዓሣ አጥማጆች ጀልባዎቻቸውን በጭነት መኪና እየጫኑ ወደ መሀል አገር ገብተው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አውጥተዋል። እነዚያ ሰዎች ግን ጀልባ የገዙት ለጎርፉ ብለው አልነበረም፤ ዕድሜ ልካቸውን በሞገድ ላይ የሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። የእናንተ ቡድን በአካባቢው ጀልባ ያላቸውንና መንዳት የሚያውቁትን አስቀድሞ ፈልጎ ስማቸውን ቢመዘግብ፣ የት እንደሚገኙና ጀልባው በምን እንደሚጓጓዝ ቢስማማ፣ አዲስ ጀልባ ከመግዛት ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን የበጎ ፈቃደኛው ዋና ሥራ ገመድ መወርወርም አይደለም። ዋናው ሥራ ውሃው ሳይደርስ ሰው ማንሣት ነው፤ ለዚህም ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ባንግላዴሽ ነው። በኖቬምበር 1970 የመታት አውሎ ነፋስና ያስከተለው የባሕር ሙላት ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ በቀይ መስቀልና በመንግሥት ትብብር የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት ፕሮግራም ተቋቋመ፤ በጎ ፈቃደኞች በባንዲራ፣ በድምፅ ማጉያና በእግራቸው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ማስጠንቀቂያ ያደርሳሉ፣ ሰዎችንም ወደ መጠለያ ያጅባሉ። በ2007 ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሞተው ሰው ከ3,000 በላይ ነበር፤ ይህ ራሱ ብዙ ነው፣ ከ1970ው ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። የመጠለያዎቹና የትንበያው መሻሻል ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ሆኖም የአየር ትንበያ ወደ መጨረሻው ቤት የሚደርሰው በሰው እግር ነው፤ የፕሮግራሙ በጎ ፈቃደኞች ዛሬ ከ70,000 በላይ ናቸው፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። የሴቶች መኖር ለጌጥ አይደለም። ልጆችና አረጋውያንን ይዛ ቤት ያለች ሴት ለማታውቀው ወንድ በር የማትከፍትበት፣ ለሴት ግን የምትከፍትበት ቦታ ብዙ ነው። የእናንተ አባላት ሁሉ ወጣት ወንዶች ከሆኑ ይህን አስቡበት።

በተግባር ይህ የሚጀምረው በአንድ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር፦ ማን ይኖራል፣ ማን ብቻውን ነው፣ መራመድ የማይችል፣ የማይሰማ ወይም የማያይ ማን ነው፣ ነፍሰ ጡርና አራስ የት አሉ፣ ስልክ የሌለው ማን ነው። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ደግሞ ሰዎች መሙላት የሚረሱት ይጻፋል፦ ማን አልወጣም ይላል፣ ለምንስ? አንዱ ከብቱን ትቶ አይሄድም፤ ሌላዋ ቤቷ ይዘረፍብኛል ብላ ትሰጋለች፤ ሌላው ውሻውን መጠለያው አይቀበልም ይላል። እነዚህን ምክንያቶች አስቀድሞ ያወቀ ቡድን ለከብቱ ከፍታ ቦታ፣ ለቤቱ ጠባቂ ያዘጋጃል፤ ያላወቀ ደግሞ በሌሊት በር ላይ ቆሞ ሲከራከር ውሃው ይደርስበታል። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሥራ መሻገሪያዎችን መዝጋት ነው። በአሜሪካ በጎርፍ ከሚሰጥሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን የሚያጡት ተሽከርካሪ ወደ ጎርፍ ውሃ ሲነዱ ነው። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ፣ ባትሪ ይዞ፣ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ አግኝቶ በጎርፍ በተያዘ መንገድ ላይ አሽከርካሪ የሚመልስ ሰው ማንም ሳያመሰግነው ነፍስ ያድናል።

ጎርፉ በዓመት የተወሰኑ ቀናት ነው፤ መስጠም ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች መስጠም በዓለም አራተኛው የሞት ምክንያት ነው፤ የሚሰጥሙትም ብዙውን ጊዜ ከቤታቸው አጠገብ ባለ ኩሬ፣ ጉድጓድ ወይም የውሃ ማጠራቀሚያ፣ እናት ወይም አባት በሥራ በተጠመዱበት ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክራቸው ርምጃዎች መካከል ለሕፃናት ተጠብቀው የሚውሉበት ቦታ ማዘጋጀት፣ ጉድጓድን መክደንና ማጠር፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆችን መሠረታዊ ዋናና አስተማማኝ የማዳን ዘዴ ማስተማር፣ በቦታው የሚገኙ ሰዎችን በነፍስ ማዳንና በትንፋሽ እርዳታ ማሠልጠን ይገኙበታል። ሁሉም ከእናንተ አቅም በላይ አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኤፕሪል 2021 ባሳለፈው ውሳኔ ጁላይ 25ን ዓለም አቀፍ መስጠምን የመከላከል ቀን አድርጎታል፤ ለትምህርት ቤት ቅስቀሳ ጥሩ ምክንያት ይሆናችኋል።

የትንፋሽ እርዳታውን ነገር ለብቻው ላንሣ፤ ብዙ የተሳሳተ ልማድ አለና። ከውሃ የወጣና የማይተነፍስ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው አየር ነው። ልቡ የደከመው አየር በማጣት ስለሆነ ደረትን ብቻ መጫን ለእርሱ አይበቃም። የአውሮፓ መመሪያ በ5 ትንፋሽ መጀመርን፣ ከዚያም 30 የደረት ግፊትና 2 ትንፋሽ እያፈራረቁ መቀጠልን ያዛል። ሆድ እየተጫኑ ወይም በእግር ዘቅዝቀው ውሃ ለማስወጣት መሞከር ጊዜ ያባክናል፣ ትውከት ወደ ሳንባ እንዲገባም ያደርጋል። ነቅቶ የተነሣ ሰው የሚያስለው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ «ድኛለሁ» ቢልም ወደ ሕክምና ይሂድ፤ ሁኔታው በሚቀጥሉት ሰዓታት ሊባባስ ይችላል።

ከመንግሥት ሠራተኞች ጋር ያላችሁ ግንኙነት የሚወሰነው ከጎርፉ በፊት ነው። አደጋ በደረሰ ዕለት በራሱ ተነሣሽነት የሚመጣ፣ ማንም የማያውቀው ቡድን ለአዛዡ ተጨማሪ ሸክም ነው፤ ምን እንደሚችል አይታወቅም፣ የት እንዳለም አይታወቅም፣ ጠፍቶ ቢቀር ደግሞ ፍለጋው በሌሎች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በአካባቢው የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ተመዝገቡ፤ የምትችሉትንና የማትችሉትን በጽሑፍ አሳውቁ፤ አብራችሁ ተለማመዱ፤ የኢንሹራንስንና የሕግ ተጠያቂነትን ጉዳይም ያን ጊዜ አንሡ። በሥራ ላይ ሳላችሁ አንድ ሰው ውሃ ዳር ሳይሄድ ሰሌዳ ይዞ ይቀመጥ፤ ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደወጣ፣ መቼም እንደተመለሰ ይጻፍ። ቡድኑን «አይሆንም» ብሎ የማስቆም ሥልጣን ያለውም እርሱ ይሁን፤ ለዚህ ቦታ ከሁሉ ጎበዝ የሆነውን ዋናተኛ አትምረጡ።

ከውሃው ስትመለሱ የጎርፍ ውሃ ፍሳሽ፣ ነዳጅና የእንስሳት ሽንት የተቀላቀለበት መሆኑን አትዘንጉ። ቁስል ይታጠባል፣ ይሸፈናል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አስቀድሞ ይወሰዳል፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም የተሰማው አባል ጎርፍ ውስጥ እንደነበረ ለሐኪሙ ይናገር፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው በሽታ በዚህ መንገድ ይተላለፋልና። አስከሬን ፍለጋ ነፍስ ማዳን ስላልሆነ የሕያው ሰው ሕይወት አይከፈልበትም፤ ውሃው እስኪጎድል ይቆያል፣ ወይም ለሠለጠኑ ጠላቂዎች ይተዋል። የቤተሰብ ልመና በዚህ ላይ ከባድ ጫና ስለሚያሳድር ውሳኔው ለመሪው የተተወ መሆኑን አባላቱ ሁሉ አስቀድመው ይስማሙበት። የሕፃን አስከሬን ያወጣ አባል በዚያው ቀን ወደ ውሃው ዳር አይመለስ፤ የሚያነጋግረው ሰው ይመደብለት፤ ወደ ቀጣዩ ተራ መመለስ አለመመለሱንም ከእርሱ ጋር ተነጋግሮ የሚወስነው መሪው ይሁን።